የተማሪዎች የሳይንስ አውደ ርዕይ ውድድር

የተማሪዎች የሳይንስ አውደ ርዕይ ውድድር ተማሪዎች ራሳቸው ያነሱትን ጥያቄ በሙከራና በልኬት መርምረው ያገኙትን ውጤት በሰሌዳና በቃል ለዳኞች የሚያቀርቡበት ውድድር ነው። ከተለመደው የጥያቄና መልስ ውድድር የሚለየው ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ በዳኛው እጅ ባለመኖሩ ነው፤ ተማሪው መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ የተገኘበትን መንገድም ማሳየት አለበት። ይህ መጣጥፍ የውድድሩን አመጣጥና አሠራር፣ በተለይም በቦንጋ ከተማና በካፋ ዞን ያለ ተማሪ በአካባቢው ከሚገኘው ነገር ተነሥቶ እንዴት መሳተፍ እንደሚችል ያብራራል።

አመጣጥ

የኒው ዮርክ ከተማ የአሜሪካ ኢንስቲትዩት የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1928 ያዘጋጀው የልጆች ትርዒት ከዘመናዊው የሳይንስ አውደ ርዕይ ቀዳሚዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1950 በፊላደልፊያ ከተማ የመጀመሪያው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አውደ ርዕይ 30 ተወዳዳሪዎችን ይዞ ተካሄደ። ይኸው ውድድር በኋላ የሌሎች አገሮችን ተማሪዎች መቀበል ጀመረ፤ ዛሬ አይሴፍ በሚል ምኅጻር የሚታወቅ ሲሆን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ለየብቻ ወይም ቢበዛ ሦስት ሆነው ይወዳደሩበታል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሳይንስና የሒሳብ ክበባት የተማሪዎችን የፈጠራ ሥራ ማሳየታቸው የቆየ ልማድ ነው። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን ማዕከሉን በቢሾፍቱ ካቋቋመ ወዲህ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር በተለያዩ ከተሞች ለተማሪዎች የሚሆኑ ቤተ ሙከራዎችን ከፍቷል፤ አገር አቀፍ የሳይንስና ኢንጂነሪንግ አውደ ርዕይም ያዘጋጃል።

በእነዚህ ትርዒቶች ላይ በብዛት የሚታየው ሞዴል ነው፦ ከካርቶን የተሠራ ግድብ፣ በባትሪ የሚንቀሳቀስ መኪና፣ ከሶዳና ከኮምጣጤ የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ። ሞዴል መሥራት እጅን ያፍታታል። ይሁን እንጂ እሳተ ገሞራው ፈንድቶ ሲያበቃ ሠሪው ከዚያ በፊት ያላወቀውን ነገር አያውቅም፤ ለውድድር የሚበቃው «ምን ሠራሁ?» ከሚለው ይልቅ «ምን አወቅሁ?» የሚለውን የሚመልስ ሥራ ነው። መሣሪያ የፈለሰፈ ተማሪም ቢሆን መሣሪያውን መፈተን አለበት። ውሃ የሚስብ ፓምፕ ከሆነ በደቂቃ ስንት ሊትር ይስባል? በስንተኛው ቀን ይበላሻል?

ሽልማት ሁልጊዜ ላለቀ ሥራ የሚሰጥ የሚመስላቸው አሉ። አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሄማን በቀለ እ.ኤ.አ. በ2023 በ14 ዓመቱ የስሪኤም የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸናፊ ሆኖ 25,000 ዶላር ተሸልሟል። ያቀረበው ሐሳብ የቆዳ ካንሰርን ለማከም የሚረዳ ሳሙና ነበር፤ መነሻውም በኢትዮጵያ በጠራራ ፀሐይ የሚሠሩ ሰዎችን ማየቱ እንደሆነ ተናግሯል። ሲሸለም ሳሙናው በገበያ ላይ ያለ መድኃኒት አልነበረም፤ ገና ብዙ ዓመት ምርመራ የሚጠብቀው ሐሳብ ነበር። ዳኞቹ የመዘኑት የችግሩን ክብደትና የመፍትሔውን አመክንዮ ነው።

በካፋ ዞን የሚገኙ ጥያቄዎች

ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። አካባቢው የዐረቢካ ቡና መገኛ በሆነው ደን ይታወቃል፤ የካፋ ብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቀጣናም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቡና፣ ማር፣ እንሰትና ኮረሪማ በየጓሮው ይገኛሉ። ስለዚህ ለአንድ የካፋ ተማሪ ጥያቄ ለማግኘት ውድ ቤተ ሙከራ የግድ አያስፈልግም። እርግጥ ነው፣ ጥያቄ ሁሉ በሙከራ አይመለስም፤ ካልዲ የተባለው እረኛ ፍየሎቹ ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ የሚለው ትረካ ደስ ይላል፣ ግን በሚዛንም ሆነ በቴርሞሜትር የሚፈተን አይደለም።

የሚፈተን ጥያቄ ለምሳሌ ይህ ነው፦ የቡና ዘር ፍሬውን የሸፈነው ስስና ደረቅ ልባስ (ፓርችመንት) ሲነሣለት ቶሎ ይበቅላል ወይ? ተማሪው ከአንድ ዛፍና ከአንድ ቀን ለቀማ ዘር ወስዶ ግማሹን ከነልባሱ፣ ግማሹን ልባሱን ገፍፎ በአንድ መደብ፣ በአንድ ጥልቀት፣ በእኩል ውሃና ጥላ ይዘራል። ከልባሱ በቀር ሁሉም ነገር አንድ መሆን አለበት፤ አንዱ ወገን ፀሐይ ቢበዛበት ልዩነቱ ከልባሱ ይሁን ከፀሐዩ መለየት አይቻልም። ልባሱን ማንሣት ብቅለትን እንደሚያፋጥን በምርምር የታወቀ ነው። ተማሪው የሚጨምረው በእሱ አፈርና በእሱ ከፍታ በስንት ቀን እንደሚያፋጥን ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉት በጊዜ ነው። የቡና ዘር እንደ ሙቀቱ ለመብቀል ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የጀመረ ተማሪ ለዳኞች የሚያሳየው ባዶ መደብ ብቻ ነው። ዘሩም ትኩስ መሆን አለበት፤ በተራ ማስቀመጫ ለወራት የቆየ የቡና ዘር የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ጊዜ ያጠረው ሰው በቀናት ውስጥ የሚበቅለውን ሽምብራ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ማር ነው። ንቦች በሰም የደፈኑት ማር ካልተደፈነው ያነሰ ውሃ እንዳለው ይታወቃል። ውሃው ከ20 በመቶ ያለፈ ማር በቀላሉ ይቦካል፤ ይህ መጠን በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የተቀመጠ ጣሪያ ነው። ሪፍራክቶሜትር የሌለው ተማሪ አንድ ሊትር ማር በመመዘን ሊሞክር ይችላል፦ 18 በመቶ ውሃ ያለው አንድ ሊትር ማር 1,417 ግራም ገደማ፣ 20 በመቶ ያለው ደግሞ 1,403 ግራም ገደማ ይመዝናል። ልዩነቱ 14 ግራም ብቻ ነው። ሚዛኑ በአምስት ግራም የሚሳሳት ከሆነና ማሰሮው አንዴ ሞልቶ አንዴ ጎድሎ ከተመዘነ ልዩነቱ ይጠፋል። ይህን አስልቶ «በእኔ ሚዛን መለየት አልቻልኩም» ብሎ ያቀረበ ተማሪ፣ ሳይጠራጠር ቁጥር ከደረደረው የተሻለ ሥራ ሠርቷል።

ሦስተኛው የቦንጋን ከፍታ ይመለከታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በጎጀብ ሸለቆ ቆላና በአዲዮ ደጋ ያሉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን ውሃ አፍልተው ቁጥራቸውን ቢለዋወጡ የዞኑን አቀማመጥ በቴርሞሜትር መሳል ይችላሉ። ቴርሞሜትሩ ግን በቅድሚያ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ዜሮ ማንበቡ ይረጋገጥ፤ የአንድ ዲግሪ ስሕተት የ300 ሜትር ስሕተት ነውና።

ስንት ዘር ይበቃል?

ከ10 ዘር 6 በቀለ፣ ከሌላው 10 ደግሞ 4 በቀለ፤ እና የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል ማለት ይቻላል? አይቻልም። አንድ ሳንቲም 10 ጊዜ ቢወረወር አንበሳው ያለበት ፊት 6 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድሉ 38 በመቶ ገደማ ነው። 100 ጊዜ ተወርውሮ 60 ወይም ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድሉ ግን 3 በመቶ አይሞላም። ምጣኔው አንድ ሆኖ ሳለ ብዛቱ የማስረጃውን ጥንካሬ ይለውጣል። ለዚህ ነው ዳኞች ውጤቱን ከማየታቸው በፊት «ስንት ዘራህ? ስንቴ ደገምሽው?» ብለው የሚጠይቁት።

በዳኞች ፊት

ተማሪው ሰሌዳ፣ የዕለት መዝገብና አጭር የቃል ማብራሪያ ይዞ ይቀርባል። ከሦስቱ ዳኛን ይበልጥ የሚያሳምነው መዝገቡ ነው። ቀን በቀን በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ የተሰረዘው ሳይቀር የሚነበብ፣ ዝናብ የመታው ገጽ ያለበት ደብተር ሥራው በእርግጥ መሠራቱን ይመሰክራል። በአንድ ሌሊት ተገልብጦ የጸዳ መዝገብ ጥርጣሬ ያስነሣል።

በካፋ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ገበሬውን በካፊኖኖ የጠየቀ ተማሪ ለጎብኚ በአማርኛ ያስረዳል፤ ሰሌዳውን ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሚሰጥበት በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ነገሩን በሦስቱም ቋንቋ ማስረዳት የቻለ በእርግጥ ገብቶታል። በሸምደዳ የያዘው ግን ቋንቋው ሲቀየር ይታወቅበታል። መምህር ወይም ወንድም ያገዘውን በግልጽ መናገር ነጥብ አያስቀንስም፤ ዳኛው ጠይቆ ሲደርስበት ግን ያስቀንሳል።

ደንብና ጥንቃቄ

በአይሴፍ ደንብ ሰዎችን፣ የጀርባ አጥንት ያላቸውን እንስሳትና አደገኛ ሊሆኑ የሚችሉ ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚመለከት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ባክቴሪያን በመኖሪያ ቤት ማራባት ክልክል ነው። ጎረቤትን ስለ ጤናው መጠየቅም ሰዎችን ከሚመለከተው ሥራ ይቆጠራል። በካፋ ደን ጥብቅ በሆነው ክፍል ተክል መቁረጥም ሆነ ዘር መሰብሰብ ስለማይገባ ናሙናው ከጓሮ ወይም ከአርሶ አደር ማሳ በባለቤቱ ፈቃድ ይወሰዳል። የቀፎ ሥራ ከልምድ ባለቤት ጋር፣ ፊትንና እጅን ሸፍኖ የሚሠራ ነው። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በተበከለ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ስለሚተላለፍ፣ የታመመ እንሰት የሚመረምር ተማሪ ቢላዋውን በእሳት ለብልቦ ካልሆነ ወደ ጤነኛው ተክል አይሄድም፤ ናሙናውንም ለማሳየት ብሎ ወደ አውደ ርዕዩ ይዞ አይመጣም፣ ፎቶግራፍ ይበቃል።