የወይን ፍሬ ለቀማ ጊዜና ሥርዓት

ማናቸውም እህልና ፍሬ የሚሰበሰብበት የራሱ ጊዜ አለው። ጤፍ ከቀኑ ቢዘገይ በአጨዳ ይረግፋል፤ ቢቸኩሉበትም ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። ነገር ግን ቀኑን በመምረጥ ረገድ የወይንን ያህል ገበሬውን የሚያስጨንቅ ተክል ጥቂት ነው። ሲገረዝ፥ ሲኮተኮት፥ ውኃ ሲጠጣና ከወፍ ሲጠበቅ የከረመው ሐረግ፥ የዓመቱ ዋጋ የሚቈረጠው በጥቂት ቀኖች ውስጥ ነውና።

የዚህም ምክንያቱ በፍሬው ጠባይ ነው። ሙዝ ገና አረንጓዴ ሳለ ተቈርጦ በቤት ውስጥ ይበስላል። የወይን ፍሬ ግን ከሐረጉ ከተለየ በኋላ አይበስልም፤ በተለቀመበት ሰዓት የነበረው ጣፋጭነት ከዚያ በኋላ የሚጨመርለት የለም። ቡና ለቃሚም ቀዩን ለቅሞ አረንጓዴውን ለሌላ ቀን ሊተው ይችላል። ወይን ለቃሚ ግን ዘለላውን በሙሉ አንድ ጊዜ ይቈርጣል፤ ስለዚህ ፍርዱ በአንድ ጊዜ ይፈጸማል፥ ይግባኝም የለውም።

፩፤ ፍሬው እንዴት እንደሚበስል

የወይን ሐረግ ካበበ በኋላ እስከ ለቀማ ድረስ 100 ቀን ያህል ይቈያል፤ ይኸውም እንደ አየሩና እንደ ዘሩ ይለያያል። በመጀመሪያው ጊዜ ፍሬው ትንሽ፥ ጠንካራ፥ አረንጓዴና እጅግ ኮምጣጣ ነው። ከዚያም በኋላ በጥቂት ቀኖች ውስጥ መለወጥ ይጀምራል፤ ቀዩ ዘር ይጠቍራል፥ ነጩም ዘር ወደ ቢጫነት ይጠጋል፥ በጣት ቢጫኑትም ይለዝባል። ከዚህ ለውጥ እስከ ለቀማ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ቀን ያህል አለ።

በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ሁለት ነገሮች በተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ። ስኳሩ ይወጣል፤ ኮምጣጣነቱ ይወርዳል። ስኳሩ በእርሾ ኃይል ወደ አልኮል የሚለወጠው ነው፤ በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ካለው ስኳር ከ16 እስከ 18 ግራም የሚሆነው አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል። ኮምጣጣነቱ ደግሞ ለወይን ጠጁ ሕይወት የሚሰጥና ከብልሽት የሚጠብቀው ነው። እንግዲህ ቀድሞ የተለቀመ ፍሬ ቀጭንና ጐምዛዛ ጠጅ ያወጣል፤ ዘግይቶ የተለቀመውም ጠጁ ከባድ፥ ለዛው የጠፋና ለመበላሸት የቀረበ ይሆናል። ትክክለኛው ቀን ሁለቱ መንገዶች በመልካም ስፍራ የሚገናኙበት ነው።

ይህም ስፍራ ለሁሉም ጠጅ አንድ አይደለም። አረፋ ለሚያወጣው ጠጅ ፍሬው ገና ኮምጣጣ ሳለ ይለቀማል። ለተራው ነጭ ጠጅ ጥቂት ይቈያል፤ ለቀዩ ጠጅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይዘገያል፤ ቀለሙና ማጥበቂያው ከፍሬው ቅርፊትና ከውስጥ ዘሩ ስለሚመጣ እነዚህም መብሰል አለባቸውና።

፪፤ ቀኑ እንዴት እንደሚታወቅ

የድሮ ገበሬ ቀኑን በምላሱና በዓይኑ ያውቅ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ይህ እውቀት አልተሻረም። ፍሬውን ቀምሶ፥ ቅርፊቱን አኝኮ፥ የውስጡን ዘር በመዳፉ ላይ ያያል። ዘሩ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው፤ ቡናማ ሆኖ በጥርስ ሲሰበር የሚሰነጠቅ ከሆነ ጊዜው ቀርቧል። ይሁን እንጂ ምላስ ይደክማል፥ በጣፋጭነቱም ይታለላል፤ ስለዚህ መሣሪያ ያስፈልጋል።

መሣሪያው ሪፍራክቶሜትር ይባላል። በእጅ የሚያዝ ትንሽ መነጽር ሆኖ አንድ ሁለት ጠብታ ጭማቂ በመስታወቱ ላይ ተደርጎ ወደ ብርሃን ሲያዩበት የስኳሩን መጠን በብሪክስ ቍጥር ያሳያል። አንድ ብሪክስ ማለት በ100 ግራም ጭማቂ ውስጥ አንድ ግራም ስኳር ማለት ነው። 22 ብሪክስ የሚያሳይ ጭማቂ ከ12 እስከ 13 በመቶ አልኮል ያለው ጠጅ ያወጣል። መሣሪያው ከሥራ በፊት በተጣራ ውኃ ዜሮ ላይ መስተካከል አለበት፤ ይህ ካልተደረገ መሣሪያው በትክክል ሳይሆን በድፍረት ይዋሻል።

ከመሣሪያው ይልቅ ግን የሚያስተው የናሙናው አወሳሰድ ነው። ከመንገድ ዳር ካሉት ሐረጎች የሚያምረውን ዘለላ መርጦ መለካት እርሻውን ሁሉ የበሰለ ያስመስላል። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፤ የዳር ሐረጎችን ትቶ በእርሻው መካከል በመሄድ፥ ከረድፉ በግራም በቀኝም፥ ከዘለላው ከላይም ከመካከልም ከታችም፥ ከ100 እስከ 200 ቅንጣት ፍሬ ሳይመርጡ መሰብሰብ፤ ሁሉንም ጨምቆ መቀላቀል፤ ከዚያም መለካት ነው። ልኬቱ በየጥቂቱ ቀን በአንድ ዓይነት ሰዓት ይደገማል፤ ጊዜው ሲቀርብም በየቀኑ ይሆናል። ቍጥሩ ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ የአንድ ቀን ቍጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፥ የአሥር ቀን ቍጥር ግን መንገዱን ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሰማዩን መመልከት ግድ ነው። በበሰለ ፍሬ ላይ የወረደ ዝናብ ጭማቂውን ያቀጥነዋል፥ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል፥ በስንጥቁም ሻጋታ ይገባል። ስለዚህ ገበሬው አንዳንድ ጊዜ ሁለት ብሪክስ ለማትረፍ ሲጠብቅ እርሻውን በሙሉ ያጣል፤ ሌላ ጊዜም ዝናብ ፈርቶ ቸኩሎ ሲለቅም ሰማዩ ይጠራል። ለዚህ የሚበቃ መሣሪያ አልተገኘም፤ የሚረዳው የአገሩን የዝናብ ልማድ ማወቅ ነው።

፫፤ ቀኑን የሚቈርጠው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለሹማምንት በቀጥታ የሚመለከት ነው። በፈረንሳይ አገር በጥንት ዘመን የለቀማውን ቀን የሚቈርጠው የየስፍራው ገዥ ወይም የከተማው ሸንጎ ነበር። አዋጁ ሳይነገር የለቀመ ሰው ይቀጣ ነበር። ለአዋጁም መልካም ምክንያት ነበረው፤ ያልበሰለ ፍሬ ለቅሞ የአገሩን ጠጅ ስም እንዳያጠፋ፥ እርሻው አጥር ስለሌለውም አንዱ የሌላውን ፍሬ እንዳይሰርቅ። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ጌታው የራሱን ወይን ከሕዝቡ አስቀድሞ የመልቀም መብት ነበረው፤ ለቃሚና ጋሪም አስቀድሞ ያገኝ ነበር። የሕዝቡን ጥቅም ለመጠበቅ የተሠራው አዋጅ በዚህ መንገድ የሹሙ ጥቅም መጠበቂያ ሆነ።

በቡርጎኝ አውራጃ ያለችው የቦን ከተማ ከዚያ ዘመን የቀረ ታላቅ ሀብት አላት፤ እርሱም መዝገብ ነው። ሊቃውንት ለለቃሚዎች የተከፈለውን ደመወዝ የሚያመለክቱ ሒሳቦችን፥ የከተማውን ሸንጎ ቃለ ጉባኤና ኋላም ጋዜጦችን መርምረው ከ1354 እስከ 2018 በአውሮፓ አቈጣጠር ለቀማ የተጀመረበትን ቀን በተርታ አውጥተው በ2019 አሳተሙ። ከዚህም እንደ ታየው እስከ 1987 ድረስ በነበረው ረጅም ዘመን ለቀማው በአማካይ የሚጀመረው በሴፕቴምበር 28 ማለት በመስከረም 18 ቀን ገደማ ነበር። ከ1988 ወዲህ ግን በአማካይ 13 ቀን ቀድሞ፥ ማለት በመስከረም 5 ቀን ገደማ ሆኗል። አየሩ ሞቋልና ፍሬው ቶሎ ይበስላል።

ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፥ የአባቶች ቀን ለልጆች አይበቃም፤ በልማድ ብቻ የሚለቅም ሰው ዛሬ ሁለት ሳምንት ይዘገያል። ሁለተኛው፥ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የሠራተኛ ደመወዝ በጥንቃቄ የጻፈ ጸሐፊ ስለ አየር ጠባይ ለዓለም የሚጠቅም ምስክርነት ትቶ አለፈ፤ እርሱ ግን የጻፈው ሒሳቡ እንዳይሳሳት ብቻ ነበር።

፬፤ የለቀማው ሥራ

ቀኑ ከተቈረጠ በኋላ ፍጥነትና ጥንቃቄ አብረው ይሄዳሉ። ከሁሉ አስቀድሞ በተክሉ ላይ የተረጨው መድኃኒት የመጠበቂያ ቀኑ ማለፉ ይረጋገጣል። ለሻጋታ የሚረጨው ድኝም በለቀማ አቅራቢያ ከተረጨ በጠጁ ውስጥ የተበላሸ እንቍላል ሽታ ያመጣልና አስቀድሞ መቆም አለበት።

ለቀማው በሌሊት መጨረሻ ወይም በማለዳ ተጀምሮ ፀሐይ ሳይጠነክር ቢፈጸም መልካም ነው። የሞቀ ፍሬ በመያዣው ውስጥ ራሱን በራሱ መፍላት ይጀምራል፥ መዓዛውም ይጠፋል። ለቃሚው በአንድ እጁ ዘለላውን ከታች ይደግፋል፥ በሌላው እጁ በትንሽ መቀስ እግሩን ይቈርጣል፤ በእጅ መጐተት ፍሬውን ያፈነዳል፥ ሐረጉንም ያቈስላል። የሻገተውንና የደረቀውን እዚያው ቈርጦ ይጥላል፤ ቅጠልም አይጨምርም። ፍሬው ጥልቀት በሌለው ሣጥን ይቀመጣል፤ ሣጥኑ ከ20 ኪሎ በላይ ከያዘ የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቀዋል።

ከዚያም በዚያው ቀን ወደ መጭመቂያው መድረስ አለበት። ስለዚህ በአንድ ቀን የሚለቀመው መጠን የሚወሰነው በለቃሚው ብዛት ሳይሆን መጭመቂያው በሚችለው ልክ ነው። በፀሐይ ላይ ተከምሮ ያደረ ፍሬ ምንም ያህል በጥሩ ቀን ቢለቀም ኪሳራ ነው።

በ1960ዎቹ በአሜሪካ አገር ሥራ ላይ መዋል የጀመረው የለቀማ መኪና ሐረጉን እያራገፈ ፍሬውን ያወርዳል፤ የብዙ ሰው የቀን ሥራም በጥቂት ሰዓት ይፈጽማል፥ በሌሊትም ይሠራል። ሆኖም ዘለላውን እንደ ነበረ አያወጣም፥ የታመመውንም ከጤነኛው አይለይም። በፈረንሳይ የሻምፓኝ አውራጃ ፍሬው ዘለላው ሳይፈርስ መጨመቅ ስላለበት ለቀማው በሕግ በእጅ ብቻ ነው፤ ለዚህም በየዓመቱ ወደ 100,000 የሚደርስ ለቃሚ ያስፈልጋል።

፭፤ ስለ ለቃሚዎች

በዚሁ በሻምፓኝ በ2023 በሴፕቴምበር ወር ለቀማው ከብርቱ ሙቀት ጋር ተገናኘ፤ ቢያንስ 4 ለቃሚዎች ሞቱ። ዓለም የሚያደንቀው ጠጅ በሚወጣበት አገር፥ ሕግና ሐኪም በማይጐድልበት ስፍራ ይህ ከሆነ፥ በሌላ ስፍራ ጥንቃቄው ምን ያህል መሆን እንዳለበት የታወቀ ነው። ውኃ በረድፉ ዳር መቀመጥ አለበት፤ ጥላ መኖር አለበት፤ ቀትር ሲሆን ሥራው መቆም አለበት። ይህ ለፍሬውም ይጠቅማል፤ ለሰው የከፋ ሰዓት ለወይኑም የከፋ ነውና።

የደመወዙም ነገር በፍሬው ላይ ይታያል። ለቃሚ በኪሎ ብቻ ሲከፈለው ይቸኩላል፥ የሻገተውንም ቅጠሉንም ይጨምራል። በቀን ሲከፈለው ይጠነቀቃል፥ ነገር ግን ይዘገያል። ስለዚህ አንዳንድ እርሻ የቀን ደመወዝ ከፍሎ ንጹሕ ለለቀመው ጥቂት ይጨምርለታል። አነስተኛ ገበሬ ፍሬውን ለፋብሪካ በሚሸጥበት ስፍራም ዋጋው በብሪክስ ቍጥር የሚቈረጥ ከሆነ፥ ሚዛኑም መነጽሩም በገበሬው ፊት ሊታዩ ይገባል። ገበሬው ያላየው ቍጥር ሁልጊዜ የጐደለ ይመስለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በእውነት የጐደለ ነው።

፮፤ በኢትዮጵያ

ወይና ደጋ የሚለው የአገራችን ስም ራሱ ወይንን ያነሣል። ይሁን እንጂ የወይን እርሻ በሰፊው ስላልተስፋፋ በቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚያገለግለው ከዘቢብ ሲዘጋጅ ኖሯል። በቅርቡ ዘመን ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ፥ ማለት በባቱ አጠገብ ሜርሎ፥ ሲራ፥ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን ዘሮች ተክሎ በ2014 በአውሮፓ አቈጣጠር የመጀመሪያውን ጠጅ ለገበያ አወጣ። በእርሻው ዙሪያም ጕማሬና ጅብ እንዳይገቡበት ቦይ ተቈፍሮ ነበር።

በአውሮፓ ሐረጉ በክረምቱ ብርድ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ የለቀማውንም ወር ተፈጥሮ ትወስናለች። ብርዱ በማይጸናበት አገር ግን ሐረጉ አይተኛም፤ የሚቀሰቅሰው መግረዝ ነው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ በ9 ዲግሪ ገደማ ባለው በብራዚል የሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ ሸለቆ ገበሬዎች ውኃ እያጠጡና በፈለጉት ወር እየገረዙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቅማሉ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የለቀማው ቀን የሚቈረጠው በመቀሱ የመጀመሪያ ቀን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከመግረዝ እስከ ለቀማ ከ4 እስከ 5 ወር ያህል ይቈጠራል። በመስከረም መጨረሻ የተገረዘ ሐረግ ፍሬው ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ይበስላል፤ ይኸውም በበጋው ደረቅ አየር፥ የበልግ ዝናብ ሳይበረታ ነው። በመጋቢት የተገረዘው ግን በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ መካከል ይበስላል፥ ይሻግታልም። የበልጉ ዝናብ በሚቀድምበት ስፍራ መግረዙም በዚያው ልክ ይቀድማል። ፍሬው መቅላት ሲጀምርም የወፍ ጠባቂ ማማው ላይ መውጣት አለበት፤ በደረቁ ወራት ወፍ የሚያገኘው ለምለም ነገር ጥቂት ነውና።

ስለዚህ ወይን በሚተከልበት ወረዳ ያለ ሹም የለቀማ ቀን በደብዳቤ እንዲያዝ አይጠበቅበትም። የወረዳው የዝናብ መዝገብ ሳይቋረጥ እንዲያዝ፥ ከእርሻው እስከ መጭመቂያው ያለው መንገድ ከለቀማው በፊት እንዲጠገን፥ ሚዛኑ እንዲመረመርና ለቃሚው በቀትር ከጥላ እንዲገባ ቢያደርግ የሹመቱን ሥራ ፈጽሟል። ቀኑን ፍሬው ራሱ ይናገራል፤ የሚለካውና የሚጽፈው ሰው ሲገኝ።