ኩላሊት ሲታጠብ ልብም ይጠየቅ

ቂሊንጦ የሚኖር አንድ የኩላሊት ታማሚ የእጥበት ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ እስቲ እናስብ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከቤቱ ይወጣል። በቃሊቲ አድርጎ ዳግማዊ ምኒልክ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለመድረስ ከተማዋን ከደቡብ ጫፍ ያቋርጣል። ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ዝሎ ይመለሳል። ይህ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ሥራ ይቀራል፣ ገንዘብ ያልቃል፣ ውሃ እንኳ በልክ ይጠጣል። እንዲህ ባለ ኑሮ አእምሮም ቢታመም ምን ይደንቃል?

በእርግጥም ድብርት በእጥበት ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የበርካታ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ በባለሙያ ቃለ መጠይቅ ሲመረመሩ ከ100 ታማሚዎች 23 ያህሉ የድብርት ሕመም አለባቸው። በምልክት መለኪያ ቅጽ ሲታዩ ቁጥሩ ወደ 39 ይደርሳል።

ችግሩ ሕመሙ መደበቁ ነው። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት የኩላሊትም የድብርትም ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ሁሉም «ከኩላሊቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ያልታከመ ድብርት ግን እጥበት ያስቀራል፣ መድኃኒት ያቋርጣል።

ለመለየት ሁለት ጥያቄዎች በር ይከፍታሉ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቀድሞ ያስደስትህ የነበረው ነገር አላስደስት ብሎሃል? ብዙውን ጊዜ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ይሰማሃል? ለአንዱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ለሐኪም መነገር አለበት።

ጥያቄው መነሳት ያለበት እዚያው እጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ታማሚው አራት ሰዓት ተቀምጧልና ሌላ መንገድ አይጨመርበትም። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ገሚሶቹ እጥበት ላይ ሳሉ የምክር ሕክምና፣ ገሚሶቹ ሰርትራሊን የተባለ የድብርት መድኃኒት ተሰጣቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ የሁለቱም ወገን ስሜት ተሻሽሏል፤ መድኃኒቱ በጥቂቱ ቢበልጥም የጎንዮሽ ጉዳቱ በዝቷል። በአገራችንም በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው በጤና ጣቢያም እንዲሰጥ ያለመ ነበር። ወደዚያ የሚሄድ ታማሚ እጥበት ላይ መሆኑን አስቀድሞ ይናገር፤ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ይለያያልና።

ቤተሰብስ? ረመዳን ሲመጣ ብዙ ታማሚዎች መጾም ባለመቻላቸው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ቁርኣን ለታመመ ሰው ጾምን ማግራቱን፣ መዳን ለማይጠበቅለትም ፊድያ መኖሩን አስታውሷቸው። በኢፍጣር ማዕድ ላይም ብቸኝነት እንዳይሰማቸው እናስብ። ተምርና ሙዝ ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ ሾርባም እንደ ውሃ ይቆጠራል። ድንች ተልጦና ተከትፎ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ቢደፋ ፖታሲየሙ ይቀንሳል። ጨው ሳይበዛ ሁሉም የሚቋደሰው ምግብ ቢቀርብ ታማሚው ከማዕዱ አይለይም።

«ኢማንህ ደክሞ ነው» የሚል ተግሣጽ ግን ቁስል ይጨምራል። «መኖር ሰለቸኝ» ወይም «እጥበቱን ልተወው» ካለ አትቆጡት። ራሱን ስለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አስቦ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

በሽተኛን መዘየር መልካም ነው። ስንዘይር ታዲያ «እጥበቱ እንዴት ነው?» ብለን ብቻ አንመለስ፤ «አንተስ እንዴት ነህ?» እንበልና ቁጭ ብለን እናዳምጥ። አላህ ለሕሙማን ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን።