ኤሲአር፦ መለዋወጫ የተነፈገው ጠመንጃ

እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ «ኮል ኦፍ ዱቲ፦ ሞደርን ዋርፌር 2» የተባለው ጌም ሲወጣ፣ ተጫዋቾች ኤሲአር ከሚባል ጠመንጃ ጋር ተዋወቁ። እውነተኛው ጠመንጃ ለአሜሪካ ሲቪል ገበያ የቀረበው ግን ከወራት በኋላ፣ በ2010 ነው። ዝናው ከዕቃው ቀደመ፤ ዕቃው ከመጣ በኋላም ብዙ ሳይቆይ ደበዘዘ። ዛሬ ስሙ ሲነሳ «ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ከሰረ» ይባልና ወሬው በዚያው ይዘጋል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ኤሲአር ብልህ አእምሮ የፈጠረው ጠመንጃ ነው። የበደለው ሠርቶ የሸጠው ኩባንያ ነው።

ትውልዱ ኮሎራዶ ነው። ማግፑል የተባለው ድርጅት በ1999 ሲቋቋም የሚታወቀው ካዝና በፍጥነት መዝዞ ለማውጣት በምትረዳ የጎማ ቀለበት ነበር። በጥር 2007 ኦርላንዶ በተካሄደው ሾት ሾው የጦር መሣሪያ ትርኢት ላይ ግን ማሳዳ ብሎ የሰየመውን፣ በኋላ ኤሲአር የተባለውን ሙሉ ጠመንጃ ይዞ ቀረበ። ነዳፊዎቹ ከሌሎች መማር አላሳፈራቸውም። የጋዝ አሠራሩን ከአሮጌው ኤአር-18 ወሰዱ፤ የፕላስቲክ አካሉን ነገር ከጀርመኑ ጂ36፣ የላይኛውን አካል አቀራረጽ ደግሞ ከቤልጅጉ ስካር ተማሩ።

ስለ አሠራሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጋዙ አጭር ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይመታል፣ ጥቀርሻው ከፊት ይቀራል። ማቀባበያው በግራም በቀኝም ይገጠማል፤ ሰደፉ ይታጠፋል፣ ይረዝማል፣ ያጥራል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ። ተገጣጣሚ ጠመንጃ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በላዩ ላይ የሚንጠለጠለው ኮተት ነው። ባትሪ፣ ሌዘር፣ ሁለት ዓይነት ማነጣጠሪያ፣ የፊት መያዣ ይደረደርበትና «ሞጁላር ነው» ይባላል። እባካችሁ፣ ይህ ጌጥ ነው! ጥርስ ያለው ሐዲድ የተገጠመለት ማንኛውም ጠመንጃ ይህን ሁሉ ይሸከማል። መገጣጠም ማለት የጠመንጃው ሆድ ዕቃ ሲለወጥ ጠመንጃው ራሱ ሌላ ሥራ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ሲሆን ነው። ዩጂን ስቶነር በ1960ዎቹ ስቶነር 63ን ሲነድፍ አንዱ አካል ዛሬ ጠመንጃ፣ ነገ መትረየስ እንዲሆን አድርጎ ነበር፤ ሲል የሚባሉት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎችም ቬትናም ድረስ ይዘውት ሄደዋል። የማሳዳ ሐሳብም የዚያ ዓይነት ነው። ቁልፉም አፈሙዙ ላይ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኝ አንድ የተኩስ ሜዳ የክበቡ አባል የሆነ ሰው ኤሲአሩን ፈትቶ አሳየን። አብረውኝ የነበሩት በቀድሞው ጦር ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ሰውየው ካዝናውን ነቀለ፣ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስቦ ያዘው፣ ማጉረሻውን አየ፣ ደግሞ ጣቱን ከትቶ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ የፊት መሸፈኛውን አወለቀ። ከአፈሙዙ ሥር ታጥፋ የምትተኛ ትንሽ እጀታ አለች። እሷን አንስቶ በእጁ አዞረና አፈሙዙን ወደ ፊት ሳበው፤ ወጣ። መፍቻም መዶሻም አልነካም። ኤም16 ላይ ይህን ለማድረግ ማሰሪያ ጠረጴዛና ልዩ መፍቻ ያስፈልጋል፤ በወታደር ቤት ደግሞ የግምጃ ቤት ሥራ እንጂ የተኳሹ ሥራ አይደለም።

አዛውንቱ አፈሙዙን ተቀብለው የኋላ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይህን የነደፈው ሰው ጠግኖ የሚያውቅ ነው» አሉ።

«እንዴት አወቁ፣ ጋሼ?»

«በስህተት ሊገጠም የሚችልበትን መንገድ ዘግቶታል፤ አየህ? ጠጋኝ የሚፈራው እሱን ነው።» ትንሽ ዝም ብለው ወደ ባለቤቱ ዞሩ። «ትርፍ አፈሙዙስ ከየት ይገዛል?»

ጥያቄያቸው የጉዳዩን ሥር ነካ። እኛ አገር መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ሞተሩ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት መለዋወጫው መርካቶ መኖሩን ያጣራል። ተገጣጣሚ ጠመንጃም የሚመዘነው በዚሁ ነው። አጭር አፈሙዝ፣ ረጅም አፈሙዝ፣ ሌላ ዓይነት ጥይት የሚተኩስ አፈሙዝ ሱቅ ውስጥ ከሌለ፣ የዚያች እጀታ ጥበብ ሁሉ ክብደትና ዋጋ ከመጨመር ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ሌላም የምወደው ነገር አለ፤ ብዙዎች ሳያስተውሉት ያልፋሉ። በአሜሪካ ሕግ ከጠመንጃው ክፍሎች አንዱ ብቻ «ጠመንጃው» ተብሎ ይመዘገባል፤ መለያ ቁጥሩም እሱ ላይ ይታተማል። የቀሩት ክፍሎች ተራ ዕቃ ናቸው። በኤአር-15 ቤተሰብ የሚመዘገበው የታችኛው አካል ነው፤ ምላጩና የካዝናው መግቢያ ያሉበት። ኤሲአር ላይ ግን የተመዘገበው የላይኛው የአሉሚኒየም አካል ነው። ይህ ተራ የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የታችኛው አካል ተራ ዕቃ ከሆነ እንደ ሰደፍ ሊገዛና ሊለወጥ ይችላል፤ የታችኛው አካል ከተለወጠ ደግሞ ካዝናው ይለወጣል። የማግፑል ሰዎች ይህን በሚገባ አስበውበታል፦ ካሳዩአቸው ናሙናዎች አንዱ 7.62 በ39 የሚጎርስ፣ የክላሽን ካዝና እንዳለ የሚቀበል ነበር። አፈሙዙ፣ የመዝጊያው ጫፍና የታችኛው አካል ተለውጠው፣ የላይኛው አካል፣ ሰደፉና ማነጣጠሪያው ባሉበት ይቀራሉ። ክላሽ በየመንደሩ ባለበት አገር ያደገ ሰው የዚህ ሐሳብ ትርጉም ወዲያው ይገባዋል። በሄድክበት ያገኘኸውን ጥይት ትተኩሳለህ።

ያ የታችኛው አካል ከአምራቹ ለገበያ አልቀረበም። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝነኛል።

ማግፑል ያኔ ጠመንጃ በብዛት የሚያመርት ፋብሪካ አልነበረውም። ስለዚህ በጥር 2008 ንድፉን ለቡሽማስተር በፈቃድ ሰጠ። ቡሽማስተር ሰርበረስ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ንብረት ሲሆን፣ ሬሚንግተንም በዚያው ጥላ ሥር ነበር። ሬሚንግተን የወታደሩን፣ ቡሽማስተር የሲቪሉን ገበያ ሊይዙ ተስማሙ፤ ማሳዳ የሚለው ስምም ኤሲአር ተብሎ ተለወጠ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ዕቃው ሲመጣ ወደ 1,500 ዶላር ይሆናል ብሎ የጠበቀው ገዢ ከ2,600 ዶላር በላይ ተጠየቀ። ቀላል ይሆናል የተባለው ጠመንጃ ወፍራም አፈሙዝ ተገጥሞለት ባዶውን ከ3.7 ኪሎ አለፈ። የአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦይም በ9 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር ነበር። ረጃጅምና ከባድ የ5.56 አረሮች በትክክል እንዲበሩ ግን ከዚህ የፈጠነ ዙር ያስፈልጋል፤ የወታደሩ ኤም4 የሚጠቀመው በ7 ኢንች አንድ ዙር ነው። ያን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ሰው ይህን ልዩነት አያጣውም።

በጥቅምት 2010 ኩባንያው ባለቤቶቹ መተኮስ እንዲያቆሙ አሳስቦ ጠመንጃዎቹን ለእርማት መልሶ ጠራ። ምላጩ አንዴ ሲሳብ ከአንድ በላይ ጥይት ሊተኩስ የሚችልበት ጉድለት ተገኝቶ ነበር። መጥራቱ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ጠመንጃው ገና ስም በሚያወጣበት ዓመት ሆነ። በ2011 ደግሞ ሜይን፣ ዊንደም የነበረው የቡሽማስተር ፋብሪካ ተዘጋ። ትርፍ አፈሙዝና የሌላ ጥይት መለወጫ የሚጠብቁ ሰዎች ጥበቃቸው ረዘመ። ከ5.56 ሌላ የቀረበው 6.8 ነበር፤ እሱም ዘግይቶና በጥቂቱ። ተገጣጣሚ ተብሎ የተገዛ ጠመንጃ በአንድ አፈሙዝ ዕድሜውን ጨረሰ። ክፍተቱን በከፊል የሞሉት ጥቂት ትናንሽ ወርክሾፖች ናቸው፤ ለእነሱ ምስጋና ይገባቸዋል።

የወታደሩም በር አልተከፈተም። የአሜሪካ ምድር ጦር ኤም4ን የሚተካ ጠመንጃ ለመምረጥ የጀመረውን፣ ሬሚንግተንም በኤሲአር የተወዳደረበትን ውድድር በሰኔ 2013 ያለ አሸናፊ ዘጋው። ከዚያ በፊት፣ በታኅሣሥ 2012፣ በኮኔቲከት ኒውታውን ሕፃናትና መምህራን የተገደሉት በሌላ የቡሽማስተር ጠመንጃ ነበር፤ መሣሪያ የሚወድ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም። ሰርበረስ በቀናት ውስጥ የጦር መሣሪያ ኩባንያዎቹን ሊሸጥ እንደሆነ አስታወቀ። ሬሚንግተን በ2018፣ ዳግመኛም በ2020 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ንብረቱ ተቆራርሶ ሲሸጥ የቡሽማስተርን ስም ፍራንክሊን አርመሪ ወሰደው።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ኤሲአር በሕጋዊ መንገድ ልትገዙ ካሰባችሁ አራት ነገር አደራ። የ2010 እርማት የተደረገለት መሆኑን ሳታረጋግጡ አንድ ጥይት እንዳትተኩሱ፤ «ከሻጩ ሰምቻለሁ» ማረጋገጫ አይደለም። አፈሙዝ ስትለውጡ ማነጣጠሪያውን እንደገና አስተካክሉ። ቶሎ መለወጥ መቻሉ ይህን አይሽረውም፤ አፈሙዝ ለውጠው በቀጥታ ወደ አደን የሚሄዱ ሰዎች ቢያፈሩ ይሻላል፣ አቁስለው የሚሰዱት እንስሳ ነውና። አፈሙዙ ላይ የታተመውን የዙር ቁጥርም አንብቡ። ሻጩ ሁለተኛ አፈሙዝ አብሮ ካቀረበ ዋጋው ቢወደድም ውሰዱት፤ ብቻውን ፈልጎ ማግኘት ጠመንጃውን ከማግኘት ይከብዳል።