የመጨረሻዎቹ 40 ሜትሮች፦ የኤሌክትሪክ መኪናና የኮንዶሚኒየም ሶኬት

«ንፋስ ስልክ» የሚለው የሰፈር ስም፣ በአካባቢው ከነበረ የገመድ አልባ መገናኛ ጣቢያ እንደመጣ ይነገራል። ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር የሚጓዘውን መልእክት ያየ የከተማው ሰው «የንፋስ ስልክ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ በዚሁ ስም በሚጠራው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ፣ በመካኒሳ፣ በጎፋና በለቡ የጋራ መኖሪያ መንደሮች የሚነሣው ጥያቄ ግን የሽቦ ጥያቄ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው፣ ግቢ ውስጥ ለቆመችው የኤሌክትሪክ መኪናው መብራት የሚያወርድላት በየትኛው ሽቦ፣ በማን ቆጣሪና በምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው?

ጥያቄው የባለ መኪናውን ምቾት ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን የጎረቤቱን መብራት፣ የሕንፃውን ደኅንነትና የጋራ ሀብትን አጠቃቀም ጭምር ይነካል። በዚህ ጽሑፍ ችግሩን በቁጥር እየመዘንን፣ መፍትሔው የት እንዳለ እንመለከታለን።

ጥያቄው ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛና የኤሌክትሪክ ኃይሉን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ለሚያገኝ አገር የሐሳቡ መነሻ ግልጽ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

በሌላ በኩል፣ ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተገነቡት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሲነደፉ የኤሌክትሪክ መኪና በማንም አእምሮ አልነበረም። የቤቶቹ መስመር የተዘረጋው ለመብራት፣ ለቴሌቪዥን፣ ለማቀዝቀዣና ለምጣድ ታስቦ ነው። አብዛኞቹ ሕንፃዎች ባለ አራት ፎቅና አሳንሰር የሌላቸው ሲሆኑ፣ መኪና የሚቆመው በብሎኮች መካከል ባለው የጋራ ግቢ ነው። ቪላ ቤት ያለው ሰው ከራሱ ግድግዳ ወደ ራሱ ግቢ ሁለት ሜትር ሽቦ ይበቃዋል። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን በሶኬቱና በመኪናው መካከል ደረጃ፣ በረንዳ፣ መተላለፊያና ጎረቤት አለ።

አንዲት መኪና ምን ያህል ትበላለች?

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን እንለይ። «ኃይል» በአንድ ቅጽበት የሚፈስሰው መጠን ሲሆን በኪሎ ዋት ይለካል። «ጉልበት» ደግሞ በጊዜ ውስጥ የተጠራቀመው ድምር ነው፤ መለኪያው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቧንቧ በምን ፍጥነት እንደሚያፈስስ የመጀመሪያው፣ በርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ሁለተኛው እንደማለት ነው።

በአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። ከተራ ሶኬት 10 አምፔር ብንወስድ፣ 220 በ10 ሲባዛ 2.2 ኪሎ ዋት ይሆናል። በአዲስ አበባ ከምናያቸው ትንንሽ መኪኖች አንዷ የሆነችው ቢዋይዲ ሲጋል፣ በትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ትይዛለች። ባትሪው ባዶ ቢሆንና በዚህ ሶኬት ብንሞላው፣ በመሙላት ሂደት የሚባክነው ሲታከል ወደ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህን የሚሰማ ሰው «ይህማ አይሆንም» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን የሒሳቡ መነሻ የተሳሳተ ነው። ባትሪውን በየቀኑ አሟጦ የሚነዳ የከተማ ነዋሪ ጥቂት ነው። ከጀሞ ተነሥቶ መሐል ከተማ ሠርቶ የሚመለስ ሰው በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ መኪናውም በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ብትጠቀም፣ የቀኑ ፍጆታ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ብክነቱን ጨምረን 7 ብንለው፣ ተራው ሶኬት ከሦስት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይተካዋል። ሌሊቱ ከዚህ እጅግ ይረዝማል።

ይህንኑ ስሌት ወደ አገር ደረጃ እናሳድገው። 100,000 መኪኖች እያንዳንዳቸው በቀን 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢወስዱ፣ በ24 ሰዓት ሲካፈል በአማካይ 29 ሜጋ ዋት ያህል ይሆናል። ይህ ከሕዳሴው ግድብ የማመንጨት አቅም ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ችግሩ ግድቡ ላይ አይደለም። ችግሩ ያለው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪውም እስከ መኪናው ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው።

ከበረንዳ የወረደ ሽቦ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔ ረጅም ኤክስቴንሽን ገዝቶ ከበረንዳ ወደ ታች ማውረድ ነው። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር 12 ሜትር ገደማ አለ። በቤት ውስጥ የሚዞረውና በግቢው የሚዘረጋው ሲጨመር 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በዚህ ሽቦ ውስጥ ምን ይከሰታል?

ማንኛውም ሽቦ የኤሌክትሪክ ፍሰትን በመጠኑ ይቃወማል፤ ይህን ባሕርይ ሬዚስታንስ እንለዋለን። ሽቦው በቀጠነና በረዘመ መጠን ሬዚስታንሱ ያድጋል። በሽቦው የሚባክነው ሙቀት ደግሞ የፍሰቱ ካሬ በሬዚስታንሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። «ካሬ» የምትለዋን ቃል ልብ እንበል፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ባለ 1.5» የሚሉትን፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ እንውሰድ። ፍሰቱ ሄዶ ስለሚመለስ የ40 ሜትሩ ገመድ በስሌት 80 ሜትር ነው፤ ሬዚስታንሱም 0.93 ኦም ያህል ይሆናል። በ10 አምፔር ወደ 9 ቮልት ይወድቃል፤ 93 ዋት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በ16 አምፔር ግን የሚወድቀው 15 ቮልት፣ ሙቀቱም 240 ዋት ገደማ ነው። ገመዱ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ በርዝመቱ ሁሉ ተበትኖ ይወጣል። የተረፈው ገመድ በክብ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣና የፕላስቲኩን ሽፋን ማለስለስ ይጀምራል። በምትኩ ባለ 6 ሽቦ ብንጠቀም፣ በ16 አምፔር የሚባክነው ወደ 60 ዋት ይወርዳል።

ከሽቦው ይልቅ የሚያሰጋው መገጣጠሚያው ነው። የላላ ሶኬትና ያረጀ ስፒና የሚነካኩበት ቦታ 0.1 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ በ16 አምፔር 26 ዋት ያህል ሙቀት በአንዲት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ይከማቻል። የሻይ ማፍያ ለአምስት ደቂቃ ሲሰካ ይህ አይታወቅም። መኪና ግን ለሰዓታት ያለማቋረጥ ትስባለች። የሶኬት መጥቆርና የፕላስቲክ ሽታ የመጀመሪያዎቹ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው።

ሦስተኛው ጉዳይ የመሬት መስመር፣ በተለምዶ «ግራውንድ» የምንለው ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው የመሙያ ገመድ መሐሉ ላይ ትንሽ ሣጥን አለችው። ብዙዎቹ ሣጥኖች የመሬት መስመር መኖሩን መርምረው፣ ከሌለ መሙላትን እምቢ ይላሉ። ይህ የሣጥኗ ብልሽት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ወደ መኪናው አካል ቢያፈተልክ በእርጥብ መሬት ቆሞ በሩን የሚነካውን ሰው ለማዳን ነው። በክረምት ዝናብ ግቢው ሲረጥብ የዚህ መስመር ዋጋ የሕይወት ዋጋ ነው። ሣጥኗን ለማታለል የሚደረግ ማንኛውም ዘዴ መወገዝ አለበት።

ምጣድና መኪና

በአገራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ16 አምፔር ከምትሞላ መኪና ጋር እኩል ማለት ነው። «ታዲያ ምጣዱን የቻለ ሕንፃ መኪናዋን እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ በጊዜ ላይ ነው።

አንድ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ለ150 ቤቶች ያገለግላል እንበል። ለአንድ ቤት የሚደርሰው 2.1 ብቻ ነው፤ አንድ ምጣድ እንኳ አይችልም! ሆኖም መንደሩ እንጀራውን ይጋግራል፤ ምክንያቱም አንዱ ቤት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌላው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይጋግራል እንጂ ሁሉም በአንድ ሰዓት ምጣድ አይጥድም። መሐንዲሶች መስመር ሲነድፉ የሚመኩት በዚህ መፈራረቅ ነው። መፈራረቁ ሲቀር ምን እንደሚሆን በበዓል ዋዜማ መብራት ሲደክምና ሲጠፋ ያየ ሁሉ ያውቃል።

መኪኖች ይህን መፈራረቅ ያፈርሳሉ። ባለቤቶቻቸው ከሥራ የሚመለሱት በአንድ ሰዓት አካባቢ ነው፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ራት ሲበስል፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ሲበራ እነርሱም ይሰካሉ። በአንድ ግቢ 20 መኪኖች በ32 አምፔር የግድግዳ መሙያ፣ ማለትም በ7 ኪሎ ዋት ቢሰኩ፣ ድምሩ 140 ኪሎ ዋት ነው። ይህ የምሳሌያችንን ትራንስፎርመር አቅም ግማሽ ሊጠጋ ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ሌላ ስሌት እንሥራ። እነዚሁ 20 መኪኖች በሌሊቱ የሚፈልጉት እያንዳንዳቸው 7 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በድምሩ 140 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባሉት 8 ሰዓታት ቢከፋፈል፣ ጭነቱ 17.5 ኪሎ ዋት ብቻ ይሆናል፤ አምስት ምጣድ ማለት ነው። መኪኖቹ ያው፣ ጉልበቱም ያው ሆኖ ጭነቱ ወደ ስምንተኛ እጁ ወረደ። የተጨመረ ነገር ቢኖር ተራ መጠበቅ ብቻ ነው።

ተራውን ሰው ሌሊት እየተነሣ ማስጠበቅ አያስፈልገውም። በመሙያው ገመድ ውስጥ ከኃይል ሽቦዎቹ ሌላ አንዲት ቀጭን የመልእክት ሽቦ አለች። መሙያው በእርሷ በኩል ለመኪናው «ከዚህ አምፔር በላይ አትውሰጂ» ይላታል፤ መኪናዋም ትታዘዛለች። በዚህ መንገድ አንድ ተቆጣጣሪ መሣሪያ የሕንፃውን ጠቅላላ ጭነት እየለካ፣ ምሽት ላይ ለመኪኖቹ ጥቂት፣ ሌሊት ላይ ብዙ ሊያድል ይችላል።

ግቢው የማን ነው?

ምሕንድስናው ቢፈታም ሕጉና ጉርብትናው ይቀራሉ። በየጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ቤቱ የግል ሲሆን፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ በጋራ ግድግዳ ላይ ሽቦ መዘርጋት የግል ውሳኔ ሊሆን አይችልም። ለደረጃ መብራት ከሚያገለግለው የጋራ ቆጣሪ መኪና መሙላት ደግሞ መኪና የሌለውን ጎረቤት የሌላውን ጉዞ እንዲከፍል ማድረግ ነው። በወር 210 ኪሎ ዋት ሰዓት ቀላል ሒሳብ አይደለም። ብዙ የሚጠቀም በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የበለጠ የሚከፍልበት ታሪፍ ሲታከልበት ቅሬታው ይብሳል።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት አዩት? ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ እያንዳንዱ የአፓርታማ ባለቤት በራሱ ወጪ የመኪና መሙያ እንዲተከልለት የመጠየቅ መብት ሰጥታለች፤ አተካከሉን የሚወስነው ግን የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ኖርዌይም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ማኅበሩ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክል ደንግጋለች። ሁለቱም የግለሰቡን መብትና የጋራውን ሥልጣን አጣምረው ይዘዋል።

በእኛም ዘንድ ለዚህ መነሻ የሚሆን ነገር አለ። የኮንዶሚኒየም መንደሮች ሲነደፉ ከብሎኮቹ ጎን የጋራ መገልገያ ሕንፃ ተካቶላቸዋል፤ ፎቅ ላይ የማይመቸውን የበዓል እርድና የድግስ ሥራ በአንድ ስፍራ ለመሥራት ታስቦ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ «ለእያንዳንዱ ቤት የማይሆነው ለሁሉም በጋራ ይሁን» ብለው ነበር። የመኪና መሙያም እንዲሁ ሊታሰብ ይችላል፤ ከግቢው ዳር አንድ ስፍራ፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በጥያቄ የተገኘ የራሱ መስመርና ቆጣሪ፣ ወፍራም ሽቦ፣ አስተማማኝ ግራውንድ፣ ዝናብ የሚከልል ጣሪያ፣ የየተጠቃሚውን ፍጆታ የሚመዘግብ መሙያ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደከፈተው ያለ ፈጣን ጣቢያ ለቸኮለና ለመንገደኛ ይጠቅማል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም ነዋሪ ግን ዝግተኛው መሙያ ይበቃዋል።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጉዳይ ለመምህራችሁ የቤት ሥራ ሊሆን ይችላል። በምትኖሩበት ግቢ ያሉትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጠሩ። ባለቤቶቻቸውን በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዱና በስንት ሰዓት እንደሚሰኩ ጠይቁ። ትራንስፎርመሩንም ሆነ ቆጣሪውን ሳትነኩ፣ በሰበሰባችሁት ቁጥር ብቻ የሁለቱን ምሽቶች ጭነት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሰኩበትንና በተራ የሚሞሉበትን፣ በግራፍ አስቀምጡ። ከዚያም ግራፉን ይዛችሁ ወደ ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ሂዱ። እስከ ዛሬ «መብራቱን ያደከመው የእገሌ መኪና ነው» በሚል ክስ ይጀመር የነበረው ውይይት፣ በዚያ ቀን በቁጥር ሊጀመር ይችላል።