የነፍሰ ጡር እንቅስቃሴና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ መቀደድ

በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ጭንቅላት ሲወጣ፣ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውና በሕክምና ቋንቋ ፐሪኒየም የሚባለው ስፍራ እጅግ ስለሚለጠጥ፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጃቸውን በሚወልዱ እናቶች ላይ መቀደዱ የተለመደ ነው። ሐኪሞች ጉዳቱን በ4 ደረጃ ይከፍሉታል፤ 1ኛው ቆዳን ብቻ፣ 2ኛው ጡንቻን፣ 3ኛው የፊንጢጣን መዝጊያ ጡንቻ የሚነካ ሲሆን፣ 4ኛው እስከ ፊንጢጣ የውስጥ ሽፋን ይዘልቃል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በወጉ ካልተሰፉ እናቲቱ ሰገራዋን መቆጣጠር ሊያቅታት ይችላል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ሆስፒታል የሚታከመው ፊስቱላ ግን ከዚህ የተለየ፣ በአብዛኛው ለቀናት ከተራዘመ ምጥ የሚመጣ ጉዳት ነው።

እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ጤነኛ ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ቀኑን በቢሮ ወንበርና በመኪና መጨናነቅ ለምታሳልፍ የቦሌ፣ የገርጂ ወይም የሲኤምሲ ነዋሪ ይህ በሳምንት 5 ቀን የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ማለት ሲሆን፣ እየተራመደች ማውራት ካቃታት ፍጥነቷን መቀነስ አለባት፤ ደም ወይም ፈሳሽ ከታየ፣ ራስ ካዞረ ወይም ደረት ካመመ እንቅስቃሴውን አቁማ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባታል።

አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው፣ ሽንት ለመያዝ የሚያገለግሉትን የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ለጥቂት ሰከንድ አጥብቆ መልሶ የማላላት ልምምድ፣ የሽንት ማምለጥን እንደሚከላከል በጥናት ቢረጋገጥም፣ ብቻውን ከመቀደድ ያድናል ማለት አይቻልም። ይህ በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ ተግታ ተለማምዳ የተቀደደች እናት ጥፋቱ የእርሷ መስሏት ራሷን መውቀስ የለባትምና።

የተሻለ ማስረጃ ያለው ከ34ኛው ወይም ከ35ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ በንጹሕ እጅና በዘይት፣ በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ ፐሪኒየሙን ከብልት በኩል በቀስታ ማሸት ነው፤ በመጀመሪያ ወሊድ ላይ ይህን ካደረጉ 15 ገደማ ሴቶች አንዷን ከስፌት እንደሚያድን ተሰልቷል። በግርዛት ምክንያት ጠባሳ ያላት ሴት ግን ጠባሳው እንደ ጤነኛ ሥጋ ስለማይለጠጥ፣ አስቀድማ ለአዋላጇ መንገር ይኖርባታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገራዊ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያት 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በማዋለጃ ክፍል የሚደረገው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 መመሪያው ለማስፋት ተብሎ በመቀስ መቁረጥ፣ ማለትም ኤፒሲዮቶሚ፣ ለሁሉም እንዳይደረግ አሳስቦ፣ በሞቀ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በፐሪኒየሙ ላይ መያዝንና ስፍራውን በእጅ መደገፍን መክሯል። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል «ግፊ፣ ግፊ» እያሉ ከመጮህ ይልቅ ወላዲቱ በአጭር በአጭሩ እየተነፈሰች ቀስ እንድትል መርዳት ይሻላል፤ ስለዚህም በቅድመ ወሊድ ክትትሏ ጊዜ ይህ ሁሉ በምትወልድበት ተቋም ይደረግ እንደሆነ አዋላጇን ብትጠይቅ መብቷ ነው።