ጀሶ ከወጣ በኋላ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ስትመርጡ

የቁርጭምጭሚት ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይገጥማል፤ እብጠቱ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጀሶ ሲወጣ ማበጡን አይታችሁ "አልዳነም" ብላችሁ ለመታሸት አትሩጡ፤ እባካችሁ።

ድጋፍ የምትገዙት ከሰዓት በኋላ፣ እግራችሁ አበጥ ሲል ይሁን። ካልሲ አድርጋችሁ፣ የምታዘወትሩትን ጫማ ይዛችሁ ለኩት፤ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ሊያጣብቅ ይችላል። የሚጠለቀው ላስቲክ እብጠት ይቀንስ ይሆናል እንጂ እግር ወደ ጎን ሲታጠፍ አይዝም። ኮብልስቶን ላይ ለሚመላለስ ሰው ግራና ቀኙ ጠንካራ የሆነውን፣ በማሰሪያ የሚጠብቀውን እመርጣለሁ። ጣታችሁ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው አላሉት። ባታችሁ አብጦ ካመማችሁ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ድጋፍ ጡንቻ አያጠነክርም። ሐኪማችሁ መርገጥ ሲፈቅድላችሁ፣ ጠረጴዛ ይዛችሁ በተጎዳው እግር ብቻ መቆምን በየቀኑ ተለማመዱ።