ሜጋ ዋት በመቁጠር ብቻ የኃይል ዕቅድ አይወጣም

ዛሬ አንድ የረጅም ጊዜ የኃይል ዕቅድ ረቂቅ አስተያየት እንድሰጥበት ተላከልኝ። የማን እንደሆነ አልናገርም። ከሠንጠረዦቹ አንዱ ላይ ሕዳሴ ግድብ በዓመት 45,114 ጊጋ ዋት ሰዓት ያመነጫል ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ 5,150 ሜጋ ዋት በዓመቱ 8,760 ሰዓት ተባዝቶ ነው። የቀሩት ገጾች ይህንኑ ይዘው ለጎረቤት አገር የሚሸጠውን ትርፍ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚመደበውን፣ የሚገኘውን የውጭ ምንዛሪ ይደለድላሉ። ማታ ቴሌግራም ስከፍት ያው ስሌት «ይህን ሁሉ እያመነጨን መብራት የሚጠፋው አሻጥር ስላለ ነው» ከሚል ድምዳሜ ጋር ሲዘዋወር አገኘሁት። ተራው አንባቢ ቢሳሳት አልፈርድበትም። ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ ግን ይህን ሊስት አይገባውም። ስለዚህ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

1. ሕዳሴ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከላይ ካለው ቁጥር አንድ ሦስተኛው ማለት ነው። 5,150 ሜጋ ዋት 13ቱም ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ሲዞሩ በዚያች ቅጽበት የሚሰጡት ኃይል ነው። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ የሚያዞራቸው ውሃ ዓባይ አያመጣም። የቧንቧው ስፋት ሌላ፣ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ሌላ። ይህ ደግሞ የግድቡ ጉድለት አይደለም። ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ፍላጎት ሲያሻቅብ ውሃውን በብዛት ለቅቆ፣ ሌሊት ፍላጎት ሲወርድ መልሶ መቆጠብ የሚቻለው የተርባይኖቹ አቅም ከአማካዩ ፍሰት በላይ ስለሆነ ነው። «ሁለት ሦስተኛው አይሠራም» ብሎ ግድቡን የሚያጣጥለውም፣ 45 ሺህ ብሎ የሚያሞግሰውም አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚሠሩት።

2. ዕቅድ የሚመዘነው በድርቅ ዓመት ነው። ግንቦት 2011ን አስታውሱ። የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ወርዶ 476 ሜጋ ዋት ጎደለ፤ አገሩ በሙሉ ፈረቃ ገባ፤ ለጅቡቲና ለሱዳን የሚሸጠውም ቆመ። ጊቤ 3 በወረቀት 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ በዚያ ግንቦትም በወረቀት 1,870 ነበር። ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ጊቤ 1፣ ጊቤ 2፣ ጊቤ 3ና በግንባታ ላይ ያለው ኮይሻ ደግሞ ሁሉም በአንድ ተፋሰስ ላይ ተደርድረዋል። ነፋሳችን የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞቹ በሚቀንሱበት ጊዜ ነው። አዳማ 1 እና 2 አንድ ላይ 204፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ከቁጥራቸው በላይ ዋጋ ያላቸው ውሃው በሚጎድልበት ወር ስለሚደርሱልን ነው። የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ከወቅት ጋር አይወርድም፤ በአሉቶ ላንጋኖ ግን ከሃያ ዓመት በላይ አልፎም 7.3 ሜጋ ዋት በምትሆን የሙከራ ጣቢያ ላይ ነን። ረቂቁ ስለ ድርቅ ዓመት አንድም ሠንጠረዥ የለውም።

3. የፍላጎት ትንበያ። ዋናው ችግር እዚህ ነው።

የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2007 መጨረሻ 8,000 ሜጋ ዋት ይደረሳል አለ። ሁለተኛው በ2012 መጨረሻ ከ17,000 በላይ አለ። ቀጥሎ የመጣው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ራሱ መነሻዬ ብሎ ያሰፈረው 4,478 ነው፤ በ2022 ደግሞ 19,900 ይላል። እነዚህን ቁጥሮች የማነሣው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ግድብ ሲሠሩ የዋሉና ያደሩ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ሥራቸውን አከብራለሁ። የምጠላው አሠራሩን ነው። ኢኮኖሚው በ11 በመቶ ያድጋል ተብሎ አስቀድሞ ይወሰናል። የኃይል ፍላጎቱ ከዚያ ውሳኔ ይቀዳል። ከዚያ ፍላጎቱን የሚያሟላ የግድብ ዝርዝር ይደረደራል። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን እንደሚጠቀም የጠየቀ የለም።

የተጠየቀ ዕለትም መልሱ የሚገኘው ከተሳሳተ መዝገብ ነው። ቆጣሪ የሚያነበው የደረሰውን ኃይል ብቻ ነው። መብራት ለስድስት ሰዓት ጠፍቶ የዋለበት ሰፈር በመዝገቡ ላይ ለስድስት ሰዓት ምንም ያልፈለገ ሰፈር ሆኖ ይታያል። ጀነሬተር ያስነሣው ወፍጮ ቤት፣ ወደ ከሰል የተመለሰችው እናት፣ መስመር ለማስገባት ዓመታት የሚጠብቀው ፋብሪካ፣ ሁሉም ከመዝገቡ ውጪ ናቸው። ትንበያው በዚህ ላይ ሲሠራ አገልግሎት የተበደለ አካባቢ ትንሽ ፍላጎት ያለው ይመስልና ትንሽ መስመር ይታቀድለታል። በሚቀጥለው ዕቅድም እንዲሁ። ይህ በየአምስት ዓመቱ የሚደጋገም በደል ነው። በሥራዬ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ እንቅልፍ የሚነሣኝም እሱ ነው።

የየፊደሩን፣ ማለትም ከማከፋፈያ ጣቢያ የሚወጣውን የእያንዳንዱን መስመር፣ የሰዓት በሰዓት ጭነት ለማግኘት ደብዳቤ ጽፌ አውቃለሁ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመራ፤ በመጨረሻ የተሰጠኝ የወር ድምር ነው። የሰዓቱ ንባብ ግን አለ። በየማከፋፈያ ጣቢያው ኦፕሬተሮች በመዝገብ ላይ በእጃቸው ይጽፉታል፤ መዝገቡ ሲሞላ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ማንም ኮምፒውተር ላይ አያስገባውም። በ2006 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ከፍተኛ ማስተላለፊያው ወደ አንዱ፣ ሥርጭቱና ሽያጩ ወደ ሌላው ሄደ። መከፈሉን አልቃወምም፤ ብዙ አገር እንዲህ ያደርጋል። ዕቅድ ግን ሁለቱንም ወገን በአንድ ላይ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። ግድቡን የሚያቅደው ሰው ሰፈር ውስጥ ያለውን ትራንስፎርመር አያየውም፤ ትራንስፎርመሩን የሚቀይረው ሰው ደግሞ በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ወንበር የለውም። ለጥናት በውጭ ምንዛሪ አማካሪ ድርጅት ይቀጠራል፤ አማካሪው ወፍራም ሰነድ አስረክቦ ይሄዳል፤ የትንበያ ሞዴሉን የሚያስኬድ ቋሚ ቡድን ግን አይቋቋምም። ወጣት መሐንዲሶች ሞዴሉን ሲለምዱ ደመወዙ አላዋጣ ብሏቸው ይለቃሉ።

ትንበያው ያላያቸው ሰዎች ምን ያህል እንደሆኑ በምጣድ ላሳያችሁ። የዚህ አገር የኃይል ፍጆታ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ዛሬም እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው፤ አብዛኛውም የሚነደው ለማብሰያና ለእንጀራ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት በዓመት 546 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። አሥር ሚሊዮን ቤት ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞር በመስመር ላይ የሚባክነውን ሳንጨምር 5,460 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው፤ ከሕዳሴ ዓመታዊ ምርት ሲሶ በላይ ለእንጀራ ብቻ። ከእነዚህ ቤቶች አሥረኛው እጅ በአንድ ሰዓት ምጣዱን ቢሰካ 3,500 ሜጋ ዋት ይጠይቃል። ግምቶቹን እንደፈለጋችሁ ቀይራችሁ ራሳችሁ አስሉት፤ ውጤቱ ትንሽ አይሆንም። ረቂቁ ላይ ስለ ማብሰያ ያለው አንድ አንቀጽ ነው። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪኖቹም ማታ ከሥራ መልስ ነው የሚሰኩት፤ እሱም ረቂቁ ላይ የለም።

መብራት የሚጠፋው በአሻጥር ነው ለምትሉ ደግሞ፦ የሕዳሴ ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ማከፋፈያ ጣቢያ፣ 15 ኪሎ ቮልት መስመር፣ የሰፈር ትራንስፎርመር ነው የእናንተን ቤት የሚያበራው። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ላይ 28 ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ሞላ፤ አምፖሉና ፍሪጁ ገና አልተቆጠረም። በበዓል ዋዜማ ትራንስፎርመር የሚቃጠልበትን ምክንያት ከዚህ ፈልጉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ የተደሰተ ሁሉ ልክ ነበር፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን በዚያው ምሽት የአንድም ሰፈር ትራንስፎርመር አልሰፋም። በ2010 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 እ.ኤ.አ. ሁሉም ቤት መብራት ያገኛል ብሎ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ ግማሹ ሕዝብ ገደማ ገና ጨለማ ውስጥ ነው።

ለረቂቁ የጻፍኩት አስተያየት አጭር ነው፦ 45,114 የምትለዋ ቁጥር ትውጣ፤ በእሷ ላይ የቆሙት ገጾች ሁሉ እንደገና ይሠሩ፤ የድርቅ ዓመት ሠንጠረዥ ይግባ። የሥርጭት መስመሩ በጀት ከማመንጫው እኩል ተዘርዝሮ ካልቀረበ አልፈርምበትም።

በየዲስትሪክቱና በየማከፋፈያ ጣቢያው ላላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ፊደር ስትቆርጡ የቆረጣችሁበትን ሰዓት፣ ከመቆረጡ በፊት የነበረውን ጭነትና የተመለሰበትን ሰዓት በኤክሴል መዝግባችሁ ለኃላፊያችሁ በጽሑፍ ላኩ፤ ቅጂውንም ያዙ። ለዚያ ሰፈር ፍላጎት ሌላ ማስረጃ የለንም።